የተማረውና የሠራው ሲከባበሩ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)

በእንዲህ ያለ ቀን የተገኘውን ትርፍና የተሠራውን መጋዘን መዘርዘር የተለመደ ነው። እሱን የሥራ ሪፖርቱ ስለሚያቀርበው፣ እኔ በሪፖርት ላይ ስለማይሰፍር አንድ ጉዳይ ጥቂት ልበል። ጉዳዩም ባለሙያና ሠርቶ አዳሪ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት አንደበት ነው።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ላም ለሚያረቡ ሰዎች ስለ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ሥልጠና እሰጥ ነበር። ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየች ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል ብዬ አስረዳሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እጃቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ የእኔ ላም ኮርማ የምትፈልገው እሑድ ለሊት ላይ ነው። አዳቃዩ ደግሞ እሑድ አይሠራም። ሰኞ ሲመጣ አልፎባታል» አሉኝ። እኔም፣ «እማማ፣ ላም እኮ ቀን አትመርጥም፤ እርስዎ ምልክቱን ስለማይለዩት ነው» አልኳቸው። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሌላ ጉዳይ በሰፈራቸው ሳልፍ ቤታቸው ገባሁ። በበረቱ በር ላይ በከሰል የተሰመረ መስመር አየሁ። ላሟ ኮርማ በፈለገች ቁጥር አንድ መስመር ያሰምራሉ፤ እሑዶቹን ደግሞ በመስቀል ይለያሉ። የላም ዑደት በአማካይ 21 ቀን መሆኑን ስንቴ አስተምሬያለሁ! 21 ቀን ማለት ግን ልክ ሦስት ሳምንት ነው። እሑድ የታየባት ላም ካልተዳቀለች፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ እዚያው እሑድ ላይ ወይም ከዚያ ብዙ በማይርቅ ቀን ትውላለች። ላም ቀን አትመርጥም ያልኩት እኔ ቁጥሩን አውቅ ነበር፤ ቁጥሩን ከሳምንቱ ቀናት ጋር ያገናኙት ግን እሳቸው ነበሩ። አንድ ዙር ባለፈ ቁጥር ላሟ 21 ቀን ያለ ፅንስ ትቆያለች፤ ፉርሽካውና ድርቆሹ ግን በየቀኑ ይገዛል።

እዚያው ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም «ምን አለበት» አሉኝ። ይሁን እንጂ ያሳፈርኳቸው በአደባባይ ነበር፤ ይቅርታውን የጠየቅሁት ደግሞ በጓዳ። ወደ ሥልጠናው አልተመለሱም። ሌላ ምን ያውቁ እንደነበር ሳልሰማ ቀረሁ። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ቀና ብለን እንጦጦን እንመልከት። አጤ ምኒልክ አዲስ አበባን ከመሠረቱ በኋላ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት በማነሱ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር እንዲመጣ ተደረገ። ስለዚህ ዛፍ ባለሙያና አልሚ ሲከራከሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ባለሙያው፣ ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም ይላል። አልሚው፣ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ቤት ይሠራል፣ ልጅ ያስተምራል ይላል። ከጫካው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ወደ ከተማ ሲወርዱ የኖሩ እናቶችም የሚሉት አላቸው። ሁሉም ያየውን ነው የሚናገረው። «አላዋቂ» እና «የወረቀት ገበሬ» እየተባባልን ስንከራከር ግን የሚጠቅመው ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል። ጥያቄውም የትኛው ዛፍ የት ቦታ ይተከል የሚለው ነው። ለምንጭ ዳርና ለእርሻ ዳር የማይሆን ዛፍ ለሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። በእንጦጦ ላይ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንደ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ያሉ አገር በቀል ዛፎችን ለመመለስ ሲሠራ የቆየውም ለቦታው የሚስማማውን በማሰብ ነው።

መደማመጥ ምን እንደሚያስገኝ ጤፍ ይመሰክራል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች አንዱ ምርቱ ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ በገበሬው ዘንድ እንደታሰበው አልተወደደም፤ ምክንያቱም የፍሬው ንጣት ገበያው የሚፈልገውን ያህል አልነበረም። ማኛ ደግሞ እጅግ ነጭ ቢሆንም ምርቱ ያነሰ ነበር። ተመራማሪዎቹ «ገበሬው አልገባውም» ብለው አልተዉትም። ከገበሬው ጋር ሆነው ዝርያ በመምረጥ የሚፈልገውን ለዩ፣ ሁለቱንም አዳቀሉ። ከዚያም በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ የተባለው ዝርያ ተለቀቀ፤ በአገሪቱም በሰፊው ተዳረሰ። ንጣት በሚዛን ላይ የማይታይ ነገር ነው፤ የሚያውቀው ሸማቹና ሻጩ ነው።

ነገሩ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። እኛ ገበሬዎችና አርቢዎችም ከኮሌጅ የወጣውን ወጣት የልማት ሠራተኛ ገና ሳይናገር «ይህ ልጅ ሞፈር ጨብጦ ያውቃል?» የምንል አለን። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የአገራችንን ስንዴ ሲመታ፣ በሰፊው ይዘራ የነበረው ኩብሳ ክፉኛ ተጎዳ። የዋግ ብናኝ በነፋስ ይጓዛል፤ የበሽታው ዘር መለወጡ የሚታወቀውም በቤተ ሙከራ ነው። የገበሬ ዓይን የቱንም ያህል ቢሠለጥን የሚያየው ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው። ባለሙያውም ቢሆን አይመካ፤ ቢጫውን ዋግ ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው የተሠራጨው ዲገሉ በ2006 ዓ.ም. በባሌ በግንድ ዋግ ተመታ። እንዲህ ያለውን ቀድሞ ለመያዝ ማሳውን በየቀኑ የሚያየው ሰውና ናሙናውን የሚመረምረው ሰው ፈጥነው መነጋገር አለባቸው። ትናንት የተሰደበ ሰው ደግሞ ዛሬ ፈጥኖ አይናገርም።

ስለዚህ በዚህ በዓል ቀን አራት ነገሮችን አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ ባለሙያው ከማስተማሩ በፊት ይጠይቅ፤ «እስካሁን ምን አይታችኋል?» ይበል። የማያውቀውን «አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ» ቢል ክብሩ አይቀንስም።

ሁለተኛ፣ አባሉ ያየውን ከነቀኑና ከነመጠኑ ይናገር። «ማዳበሪያው አይረባም» ከማለት፣ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ማሳ፣ ይህን ያህል ጨምሬ ይህን አየሁ» ማለት ይሻላል። የእኒያ እናት የከሰል መስመር ከብዙ ክርክር ይበልጥ ነበር።

ሦስተኛ፣ ሰብሳቢ የሆነ ሁሉ ሰው ሲሳቅበት ዝም አይበል። ስሕተት ይታረም፤ የተሳሳተው ሰው ግን አይዋረድ። በአደባባይ የተበደለም በአደባባይ ይቅርታ ይጠየቅ።

አራተኛ፣ የሥራ ኃላፊዎቻችን የሚያጨበጭበውን ብቻ አትቁጠሩ። ጤፍን በመስመር ዝሩ ሲባል የዘር ቁጠባው እውነት ነበር፤ የሰው ጉልበት አይበቃንም ያሉት ገበሬዎች አቤቱታም እውነት ነበር። በሙከራ ማሳ የታየው ጭማሪ በገበሬው ማሳ ሁሉ በዚያው መጠን አልተገኘም። እንዲህ ያለውን ቀድሞ የሚናገር ሰው የልማት ጠላት ተደርጎ አይታይ።

የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ይህንን መርሕ ይዘዋል። ድምፃችን እኩል ነው ማለት ግን እውነት በእጅ ብልጫ ይወሰናል ማለት አይደለም፤ ላሟ መፅነሷ በእጅ ብልጫ አይወሰንም። ድምፅ እኩል ነው ማለት ማንም የሚያውቀውን ሳይናገር ወደ ቤቱ አይመለስ ማለት ነው።

አበው «የተማረ ይግደለኝ» ይላሉ። እኔ ተምሬያለሁ፤ እኒያን እናት ግን በቃል አቆሰልኩ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካሉ፣ በአደባባይ የበደልኳቸውን በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሌሉም የምታውቋቸው አድርሱልኝ።