«አፌን ያቃጥለኛል» ስትል እንመናት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በወር መጨረሻ የቁጠባ መዝገብ ይዤ ስመጣ ነው። ዛሬ የመጣሁት ግን ለሂሳብ አይደለም። ስለ እናቴ ሕመም ልነግራችሁ ነው፤ እንድናገር የፈቀደችልኝም እሷው ናት።

እናቴ ያሳደገችን በርበሬ አዘጋጅታ እየሸጠች ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ምላሷን ያቃጥላት ጀመር። ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ይብስባታል፤ ማታ ላይ ትኩስ ሻይ አፏን የላጣት ሰው ትመስላለች። ጎረቤት «ምች መትቷት ነው» ብሎ ዳማከሴ አሽቶ ሰጣት። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ከጥርስ ነው ተብላ ሁለት ጥርሷ ተነቀለ። ጥርሱ ወጣ፣ ቃጠሎው ቀረ።

እኔስ? አፏን በባትሪ አየሁት። ቁስል የለም፣ እብጠት የለም። «እማዬ፣ ምንም የለብሽም እኮ፣ አታካብጂው» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አፏ መናገር አቆመች። ዛሬም የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

በመጨረሻ ነርቭ ሐኪም ዘንድ ደረስን። ምላሳችን ውስጥ ሙቀትንና ሕመምን ለአንጎል የሚያሳውቁ እጅግ ቀጫጭን የነርቭ ጫፎች አሉ። እነዚህ ሲጎዱ፣ እሳት ሳይኖር «እሳት!» እያሉ መልእክት ይልካሉ። በዓይን የሚታይ ነገር የማይገኘውም ለዚህ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ተመራማሪዎች ከእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች ምላስ ቅንጣት ወስደው በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ የነርቭ ጫፎቹ ከጤነኛ ሰው አንሰው አግኝተዋቸዋል። ሕመሙ በብዛት የሚታየው የወር አበባቸው በተቋረጠ ሴቶች ላይ ነው።

ሂሳብ አልገጥም ሲል ገንዘብ ያዥዋን ከመጠርጠራችን በፊት ደረሰኙን አንድ በአንድ እናያለን። እዚህም እንደዚያው ነው። ነርቭ ነው ከመባሉ በፊት የብረት፣ የቢ12 እና የፎሌት እጥረት፣ የስኳር በሽታ፣ የአፍ ፈንገስ፣ የአፍ መድረቅና የማይመች ሰው ሠራሽ ጥርስ መታየት አለባቸው። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም አፍ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ታዲያ ሐኪም ሳታማክሩ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ! የመጨረሻው መንጋጋ ሲነቀልም የምላስ ነርቭ የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

እናቴ ምርመራዋ ሁሉ ደህና ሆነ። ሐኪሙ ማታ ማታ የምትወስደው አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን አዘዘላት። ፋርማሲ ውስጥ «የድብርት መድኃኒት ነው» ሲሏት «እብድ ነሽ ማለታቸው ነው» ብላ አለቀሰች። መድኃኒቱ በትንሽ መጠን ሲሰጥ የነርቭ ሕመም እንደሚያስታግስ ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ድና አልጨረሰችም። ከአሥር ስምንት የነበረው ሕመም አሁን አራት ነው ትላለች። ሚጥሚጣና ሎሚ ትታለች፤ አልጫ ትበላለች፤ አልኮል ባለበት የአፍ ማጠቢያ አትጉመጠመጥም፤ ቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ ቶሎ ፉት ትላለች። በርበሬውን ወፍጮ ቤት የምትወስደው አሁን እህቴ ናት።

እህቶቼ፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ አንዲት ሴት «አፌን ያቃጥለኛል» ስትል «ምንም የለም» አንበላት። ሁለተኛ፣ ከድንገተኛ ጊዜ ፈንዳችን ላይ ለእንዲህ ዓይነት አባል የደም ምርመራ የሚሆን ይመደብ። ለሁለቱ ጥርሶች የከፈልነው ገንዘብ የእናቴን ምርመራ በሸፈነ ነበር። ደጋፊዎቻችንም በዚህ እንድታግዙን በትሕትና እጠይቃለሁ።

እናቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። እማዬ፣ ያን ቀን ስላላመንኩሽ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር በይኝ።