ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የመርሳት ሕሙማን የቤት ውስጥ እንክብካቤ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የመሐንዲስና የሐኪም ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከመርሳት በሽታ፣ ማለት ከዲሜንሽያ ጋር የሚኖሩት ሰዎች ቁጥር 57 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ከነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የሚያስታምሟቸው ዘመዶችና ወዳጆች በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ያህል በዚሁ ሥራ ያሳልፋሉ፤ ከዚህም የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። በአገራችንም ወላጅን በእርጅናው መጦር የልጅ ግዴታ ሆኖ ስለኖረ፣ ሸክሙ የሚያርፈው በቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ነው።

ይህ ሸክም በተለይ በሌሊት ይከብዳል። ሕመምተኛው አዛውንት ቀንና ሌሊቱን መለየት ሲያቅታቸው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥተው «ወደ ቤቴ ልሂድ» በማለት በሩን ከፍተው ሊወጡ ይችላሉ። አስታማሚያቸውም ጆሮዋን ለበሩ ሰጥታ ታድራለች። አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊያግዝ ይችላል የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም በአልጋ፣ በበርና በክፍል ውስጥ ከተተከሉ ሴንሰሮች የሚመጣውን ምልክት አገናዝቦ አደጋ ሲቃረብ አስታማሚዋን እንዲቀሰቅስ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ቀላል ስሌት እናስላ። መሣሪያው በየደቂቃው አንድ ጊዜ ቢፈርድ፣ በ8 ሰዓት ሌሊት 480 ጊዜ ይፈርዳል። አንዳች አደጋ በሌለበት ሌሊት ከ100 ፍርዶቹ 99ኙ ትክክል ቢሆኑ እንኳ 5 ጊዜ ያህል በከንቱ ይደውላል። በሽያጭ ወረቀት ላይ የሚያኮራው 99 በመቶ፣ ቀኑን ስትደክም ውላ ለተኛች ሴት አምስት ጊዜ መባነን ማለት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ደወሉን ብታጠፋው የምትወቀሰው እርሷ አይደለችም። ነገር ግን አዛውንቱ በእርግጥ የወጡ ለት የሚቀሰቅሳት አይኖርም።

ደወሉን ማለዘብ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የሐሰት ደወል በቀነሰ መጠን ሳይታወቅ የሚያልፈው አደጋ ይጨምራልና። በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፣ ሽማግሌዎች የአንድ ወገን ቃል ብቻ ሰምተው እንደማይፈርዱ ሁሉ፣ መሣሪያውም የአልጋውንና የበሩን ምስክርነት አገናዝቦ ይፍረድ። ደወሉም ደረጃ ይኑረው፤ አዛውንቱ ለመጸዳጃ ቤት ቢነሡ መብራት ማብራት ይበቃል፣ የውጭው በር ሲከፈት ግን በብርቱ ይጩህ።

ሁለተኛ፣ ቀላል መሣሪያ በሚበቃበት ቦታ ረቂቁን አናስገባ። የኤሌክትሪክ ምድጃን ጊዜው ሲሞላ የሚያጠፋ ማብሪያና ማጥፊያ ምንም አስተውሎት አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ ፍርዱ እዚያው ቤት ውስጥ ይሰጥ፤ መብራትና ኔትዎርክ ሲቋረጥም በባትሪ ይሥራ፤ የቤቱ ምስጢር ከቤቱ አይውጣ። ካሜራ ከመተከሉ አስቀድሞ፣ አዛውንቱ ገና ማመዛዘን በሚችሉበት ጊዜ ፈቃዳቸው ይጠየቅ፤ ማስታወስ ያቃተው ሰው ክብሩን አላጣምና።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ይህን የመሰለ መሣሪያ የሚሠራ ወይም የሚያስመጣ አባላችን ሁሉ ሁለት ቁጥሮችን ይግለጽ፦ በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ በከንቱ ቀሰቀሰ? ከእውነተኛውስ መውጣት ስንቱ አመለጠው? ልኬታውም ሰው በሚኖርበት ቤት፣ አስታማሚዋ በምትሰጠው ቃል ይረጋገጥ። ድልድይ ስናስረክብ የሚችለውን ክብደት ጽፈን እንደምንፈርም ሁሉ፣ በእነዚህም ቁጥሮች ሥር ስማችንን ጽፈን እንፈርም።