መውጫ የሌለው ቅያስ



ወንጀል ነክ ልብ ወለድ ስጽፍ የምነሣው ከገዳዩ ሳይሆን ከሰፈሩ ነው። ማን እንደገደለ የሚታወቀው በየት በኩል፣ በስንት ደቂቃ እንደወጣ ሲታወቅ ነዋ! ይህን የተማርኩት ግን ተሳስቼ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፌ ገዳዩን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በአንዲት ቀጭን ቅያስ አስመለጥኩት። አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እዚያ ተወልጄ ነው ያረጀሁት። ያ ቅያስ መውጫ የለውም፤ ሰውዬህ እኛ ግድግዳ ሥር ይያዝ ነበር» አሉኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ታሪኩ በሙሉ የቆመው በዚያች መውጫ ላይ ነበራ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት ይዤ ሳልሄድበት የምጽፈው መንገድ የለም። እዚህ ስድስት ኪሎ፣ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ካነበብኩት ይልቅ እግሬ አስተምሮኛል፤ መምህራኖቼ ይቅር ይበሉኝ።

ለሁለተኛው እትም ቅያሷን ሄጄ ልያት ስል ዘገየሁ፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈረሰ። እኚያን እናት አፈላልጌ የተዛወሩበት ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ቡና ካጠጡኝ በኋላ ደብተሬ ላይ ግድግዳቸውን፣ የጎረቤታቸውን በር፣ ቧንቧውን ሣሉልኝ።

«እንግዲህ በፈለግህበት አስወጣዋ፤ አሁን ማን ያውቅብሃል?» አሉኝ።

አላስወጣሁትም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ምዕራፎች እንደገና ጻፍኩ፤ ሰውዬው እሳቸው ግድግዳ ሥር ተይዟል።