ከከበሮው ጋር የሚቆም ስፒከር

እሷ፦ ባቱ ከተማ ላይ ስፒከር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው።

እሱ፦ የካርቶኑን ዋት እርሺው እህቴ፤ ሴንሲቲቪቲውን እዪ። በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል ያወጣል? 87 የሚለው 93 ከሚለው እኩል ለመጮህ 4 እጥፍ ዋት ይፈልጋል።

እሷ፦ ለጩኸትማ የሰርጉ ሞንታርቦ አለልን!

እሱ፦ አትናቂው፣ ፈጥኖ ይመታል። ለሳሎን ግን ይሻክራል። እኔ የምለው፣ ክራሩ ሲመታ ድምፁ ወዲያው ይነሳ፤ ከበሮው ሲያቆም ስፒከሩም ያቁም። ደካማው «ዱምምም» እያለ ይጎትታል።

እሷ፦ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው ወይስ የብሎኬት ቤታችን?

እሱ፦ የቤቱም አለበት። ጥግ ላይ ከለጠፍሽው ቤዙ ያብጣል፤ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል አርቂው፣ ማስተጋባቱ እንዲቀንስም ምንጣፍ አንጥፊ።

እሷ፦ በዚህ ሙቀት መስኮት አይዘጋም እኮ።

እሱ፦ እሰየው! ክፍት መስኮት የታመቀውን ቤዝ ያስወጣል። ጎረቤት ካልተቆጣ።

እሷ፦ ሱቅ ውስጥስ ምን ላስከፍት?

እሱ፦ በደንብ የምታውቂውን ዘፈን በፍላሽ ያዢ። እኔ የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን እመርጣለሁ፤ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ መሰማት አለበት። ድምፁን ዝቅ አስደርጊ፤ ያኔም ምቱ ካልሞተ ጥሩ ነው። ሻጩ ቤዝ ሊጨምር እጁን ሲሰድ «ተወው» በዪው።