ሕፃኑ የሚያውቀው ሰው
በጦር ኃይሎች አካባቢ ለወላጆችና ለሕፃናት ተንከባካቢዎች የቀረበ ንግግር



እንድንናገርበት የተሰጠን ጥያቄ አንድ ነው፤ እናት ልጇን ለሌላ ሰው ትታ ወደ ሥራ መመለሷ ሕፃኑን ይጎዳዋልን? በዚህ በጦር ኃይሎች አካባቢ ይህ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወለደች በኋላ የሚሰጣት ፈቃድ 90 ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ባቡር ወይም ታክሲ ለመያዝ በማለዳ ስትወጣ፣ ሕፃኑ ከአያቱ፣ ከቤት ሠራተኛዋ ወይም ከማቆያ ይቀራል። እናቲቱም ቀኑን ሙሉ ሥጋት ይዟት ትውላለች።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦልቢ በ1951 እ.ኤ.አ. ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት፣ ሕፃን ከምግብና ከንጽሕና ሌላ ከእናቱ ወይም እናቱን ከሚተካ ቋሚ ሰው ጋር ያልተቋረጠ ፍቅር እንደሚያስፈልገው አስረድቷል። ይህን ትስስር በአማርኛ ቁርኝት እንለዋለን። ቃሉን የሰሙ ብዙዎች ግን እናት ከልጇ ለአፍታ እንኳ መለየት የለባትም ብለው ተረጐሙት። የብዙ እናቶች ጸጸትም ከዚህ ትርጓሜ ይመነጫል።

ትርጓሜው ልክ አለመሆኑን ካሳዩት ጥናቶች ቀዳሚው የተካሄደው በጎረቤታችን በአፍሪካ ምድር ነው። ሜሪ ኤንስወርዝ የተባለች ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. ወደ ኡጋንዳ ሄዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ በሚገኙ መንደሮች 28 ሕፃናትን በየቤታቸው እየተመላለሰች ተመለከተች። ብዙዎቹን ከእናታቸው ሌላ አያት፣ አክስት ወይም ሌላ ዘመድ ይይዛቸው ነበር። የያዟቸው ሰዎች መብዛት በራሱ ቁርኝታቸውን አላናጋውም። ልዩነት ያመጣው፣ አሳዳጊዋ የሕፃኑን ልቅሶና ምልክት አስተውላ በጊዜው መመለሷ ነበር። እንዲህ ያለ አሳዳጊ ያለው ሕፃን ከእቅፍ ወርዶ ዙሪያውን ይመረምራል፤ ሲደነግጥም ወደሚያውቀው ሰው ይመለሳል። ኤንስወርዝ ያየችውን በ1967 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመች።

ከዚያ በኋላ አሳዳጊው ለጥቂት ደቂቃ ከክፍል ወጥቶ ሲመለስ ሕፃኑ የሚያሳየውን የሚመዝን ዘዴ ቀርጻ፣ ዘዴው በብዙ አገሮች ተሠራበት። በ1988 እ.ኤ.አ. ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከ8 አገሮች የተገኙ 32 ጥናቶችን ሲያነጻጽሩ፣ በሁሉም ዘንድ የሚበዙት ቁርኝታቸው የጸና ሕፃናት ሆነው ተገኙ። በአንድ አገር ውስጥ የታየው ልዩነትም በአገሮች መካከል ከታየው ይበልጥ ነበር። ከስምንቱ አገሮች አንድም የአፍሪካ አገር አልነበረም። ስለዚህ ከውጭ የመጣን መመዘኛ ስንጠቀም ጥንቃቄ ይገባናል። ከእናታቸው እምብዛም የማይለዩ የጃፓን ሕፃናት በዚያ ፈተና አብዝተው ማልቀሳቸው ታይቷል። በእኛም አገር በአንቀልባ ታዝሎ፣ እሹሩሩ እየተባለ የሚያድግ ልጅ መሬት ሲያስቀምጡት ቢያለቅስ፣ ያለቀሰው የለመደው ጀርባ ስለ ራቀው እንጂ ስለ ተበላሸ አይደለም።

አበው ልጅን ለአንዲት እናት ብቻ አልተዉትም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ የክርስትና አባት ወይም እናት ይሰጣቸዋል፤ አያትና ጎረቤትም አብረው ያሳድጋሉ። እነዚያ እጆች ብዙ ቢሆኑም ዓመቱን ሙሉ የማይለወጡ እጆች ነበሩ። ዛሬ በኪራይ ቤትና በኮንዶሚኒየም ኑሮ ጎረቤት ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። በአንዳንድ ቤት ሕፃኑ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሦስት ሠራተኞች ይፈራረቁበታል፤ አንዷንም ሳይሰናበት። እናት ሥራ መዋሏ ሳይሆን ይህ መፈራረቅ ሊያሳስበን ይገባል። እንዲህ የሆነ ሕፃን ልቅሶውን ሲተው «ለመደ፣ ጨዋ ሆነ» እንላለን። ጄምስ ሮበርትሰን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ከወላጆቻቸው ተለይተው የተኙ ሕፃናትን ተመልክቶ፣ ዝምታቸው መጽናናት ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ልጅ የምትይዝልንን እናክብር። ብዙዎቹ ገና ወጣት ሳሉ ከገጠር የመጡ፣ ራሳቸውም ከእናታቸው የተለዩ ናቸው። ደመወዟ በጊዜው የሚከፈላት፣ የዕረፍት ቀን ያላት፣ ስሟ በክብር የሚጠራ ሠራተኛ በቤቱ የመቆየቷ ዕድል ይሰፋል፤ የእርሷ መቆየት ደግሞ ለሕፃኑ ነው። መሄዷ ካልቀረ፣ አዲሷ ጥቂት ቀን ከእርሷ ጋር ሆና ሕፃኑን ትላመደው፤ እርሷም ተሰናብታው ትሂድ።

ሁለተኛ፣ ማቆያ የምታስተዳድሩ እኅቶች፣ እያንዳንዱን ሕፃን ለአንዲት ተንከባካቢ መድቡ። የሚያጎርሰውም፣ የሚያስተኛውም፣ ሲያለቅስ የሚያነሣውም በተቻለ መጠን ያው አንድ ሰው ይሁን።

ሦስተኛ፣ ማታውን ጠብቁ። በእስራኤል የኅብረት መንደሮች በተደረገ ጥናት፣ ቀን በማቆያ ውለው ሌሊት ከወላጆቻቸው ጋር ካደሩት ሕፃናት 80 በመቶ፣ ሌሊቱንም በጋራ ማደሪያ ካሳለፉት ግን 48 በመቶ ብቻ የጸና ቁርኝት ነበራቸው። ደክማችሁ ስትገቡ ስልኩን አስቀምጣችሁ ልጁን እቀፉት። አባቶችም ሆይ፣ ይህ ለእናት ብቻ የተሰጠ ሥራ አይደለም።

በመጨረሻም ክርስትና ላነሣችሁ ሁሉ እንናገራለን። በዕለቱ ነጠላ አጣፍቶ መቆም የኃላፊነቱ መጀመሪያ ነው። እናቲቱ ሥራ በምትገባበት ሰሞን ቤቷን ጎብኙ፤ ሕፃኑ ፊታችሁን ይወቅ፤ ሠራተኛዋ በድንገት ብትሄድ የምትጠሩት እናንተ ሁኑ። ሥጋት ይዟት ለምትውል እናትም እንዲህ እንላታለን፤ እኅታችን ሆይ፣ ልጅሽ የሚያውቀውና የሚመለስለት ሰው ካገኘ፣ አንቺም ማታ ከተመለስሽለት፣ አልተውሽውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።