ጋዜጣ ስናነብ የምናገኛቸው ቃላት
(በጋምቤላ ለጎልማሶች ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ፤ ደብዳቤም ታነባላችሁ። አሁን ደግሞ ጋዜጣ እጃችሁ ገብቷል። ጋዜጣ ግን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ከላይ እስከ ታች በቀጥታ አይነበብም። የራሱ አሠራር፣ የራሱም ቃላት አሉት። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እነዚሁ ቃላት ነው።

ከመጀመሪያው ገጽ እንነሳ። ከላይ በትልቁ የተጻፈው የጋዜጣው ስም ነው። ለምሳሌ «አዲስ ዘመን» የሚባለው ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው። ከስሙ አጠገብ በትንንሽ ፊደል ዓመት፣ ቁጥር፣ ቀንና ዋጋ ይጻፋል። ብዙ ሰው ይህን ትንሽ ጽሑፍ ዘሎት ያልፋል። እኛ ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን አንብቡ እንላለን። ለምን ብትሉ፣ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጋዜጣው እዚህ ደርሶ ከዚያ ወደ ኢታንግ ወይም ወደ ጎግ እስኪሄድ ቀን ይቆጠራል። የጨው መጠቅለያ ሆኖ የሚመጣም አለ፤ እሱማ የዓመት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

እንበል፣ ፍርድ ቤት አንድን ሰው በውርስ ጉዳይ በጋዜጣ ይጠራል። «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይቅረቡ» ይላል። 15ቱ ቀን የሚቆጠረው ጋዜጣው ከወጣበት ቀን ነው እንጂ እናንተ ካነበባችሁበት ቀን አይደለም። የወጣው መስከረም 2 ሆኖ እጃችሁ የገባው መስከረም 12 ከሆነ፣ የቀራችሁ 5 ቀን ገደማ ነው። ቀኑን ያላየ ሰው «ገና ጊዜ አለኝ» ብሎ ሲቀመጥ የአባቱ ቤትና ከብት ክርክር እሱ በሌለበት ይታያል።

ቀጥሎ ያለው ቃል ርዕስ ነው። ርዕስ በግዕዝ ራስ ማለት ነው። ድሮ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ሕግ የሚወጣበት ጋዜጣ ሲጀመር «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ርዕስም የወሬው ነጋሪት ነው፤ ሰውን ይሰበስባል እንጂ ነገሩን ሁሉ አይናገርም። ርዕሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ፊደሉን የሚያተልቀውም የሚያሳንሰውም እሱ ነው። ስለዚህ ፊደሉ ትልቅ ሲሆን ጉዳዩ ለአዘጋጁ ትልቅ መስሎ ታይቶታል ማለት ነው፤ እውነት ነው ማለት ግን አይደለም። «የበቆሎ ዋጋ ሊጨምር ነው» የሚል ርዕስ አይታችሁ ጎተራችሁን ከመቆለፋችሁ በፊት ሥሩን አንብቡ። ምናልባት ከታች «ጉዳዩ ገና እየተጠና ነው» ይል ይሆናል።

ዓምድ ደግሞ ምሰሶ ማለት ነው። የጋዜጣ ገጽ ከላይ ወደ ታች እንደ ምሰሶ በቆሙ ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ዓምድ ይባላል። አዲስ አንባቢ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በአንዱ ዓምድ «ውሃው ስለ ሞላ የመንደሩ ሰው ከብቱን» የሚል መስመር አለ እንበል። በጎኑ ባለው ዓምድ፣ በዚያው ትይዩ፣ ስለ አሮጌ መኪና የሚናገረው ማስታወቂያ «በጨረታ ሊሸጥ ነው» ይላል። አቋርጦ ያነበበ ሰው ምን ይላል? «ጉድ ነው፣ የመንደሩ ሰው ከብቱን በጨረታ ሊሸጥ ነው!» ዓምዱን ይዞ የወረደው ግን ቀጥሎ ያለውን መስመር ያገኛል፤ «ወደ ከፍታ ቦታ ወሰደ» ይላል። ስለዚህ አንዱን ዓምድ እስከ ታች ጨርሱና ወደ ሌላው ተሻገሩ።

እነዚህን ፊደሎች ማን ደረደራቸው? ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ለማተሚያ የሚሆነው እያንዳንዱ ፊደል ከእርሳስ የተሠራ ነበር። ፊደል ለቃሚ የሚባለው ሠራተኛ ከየሳጥኑ አንድ በአንድ እየለቀመ፣ እንደ ማኅተም ፊደል ግልብጥ አድርጎ እየደረደረ ቃል ይሠራል። የአማርኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ሌሎቹን ዲቃላዎች፣ ቁጥሩንና ነጥቡን ሳንጨምር። ልጆቻችሁ በጋምቤላ ትምህርት ቤቶች የሚማሩባቸው የአኙዋክኛና የኑዌርኛ መጻሕፍት በላቲን ፊደል ስለ ሆኑ፣ ለእነሱ ቢሆን ሳጥኑ ያንስ ነበር። ኑዌርኛው ግን ከላይ ነጥብ፣ ከታች መስመር የሚጨመርባቸው ፊደሎች አሉት፤ ለቃሚው እንዲያውም አያርፍም ነበር!

ዛሬ ሥራውን ኮምፒዩተር ወስዶታል። ስሕተት ግን አልጠፋም፤ 15 መሆን ያለበት 51 ሆኖ ይወጣል። ከመታተሙ በፊት ስሕተቱን የሚፈልገው ሰው አራሚ ይባላል። ከእሱ ያመለጠው በሚቀጥለው እትም «ማረሚያ» ተብሎ ይወጣል። እትም ማለት በአንድ ጊዜ ታትሞ የወጣው ጋዜጣ ነው። ማረሚያ የሚሰጠው ቦታ ትንሽ ነው፤ ፈልጋችሁ አንብቡት።

ከፎቶግራፍ ሥር ያለው አጭር ጽሑፍ መግለጫ ነው። «ፋይል ፎቶ» የሚል ካያችሁ ፎቶግራፉ ቀድሞ የተነሳ ነው። ባሮ ሞልቶ ቢያሳይም የዘንድሮ ሙላት ላይሆን ይችላል።

የሚናገረውንም ሰው ለዩ። ዜና የሆነውን ነገር ይነግራል። ርዕሰ አንቀጽ የጋዜጣው የራሱ አቋም ነው። ማስታወቂያ ደግሞ ባለቤቱ አስነግሮ ያወጣው ነው፤ «ይህ መድኃኒት ሁሉን በሽታ ያድናል» ቢል፣ እንዲህ ያለው ሻጩ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ጥሩ ወሬ ይዛችሁ ስታነቡ በመካከሉ ይቆምና «ወደ ገጽ 7 ዞሯል» ይላል። ወሬው አላለቀም፤ ቦታ ስላነሰ ነው። ገጽ 7 ስትከፍቱ «ከገጽ 1 የዞረ» የሚል ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ትቀጥላላችሁ። ጨው የጠቀለላችሁበት ወረቀት ገጽ 7 ከሆነ ግን የወሬውን መጨረሻ ጎረቤት መጠየቅ ነው።