የተቀረጸን የጊታር ድምፅ መልሶ ስለ ማግኘት



በአምቦ ከተማና በአካባቢዋ፣ ከጊንጪ እስከ ጉደር፣ በሠርግና በበዓል መድረክ ለሚሠራ ጊታር ተጫዋች ዘወትር የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ የድሮውን ዜማ «ልክ እንደ ካሴቱ» እንዲጫወት። ጣቶቹ ዜማውን በሁለት በሦስት ቀን ያጠኑታል። ድምፁ ግን እሺ አይልም። ያ ጥርት ያለ፣ እንደ ክራር እያንዳንዱ ክር ለብቻው የሚሰማበት ድምፅ ከእጁ አይወጣም። ብዙዎች ጥፋቱን በመሣሪያቸው ርካሽነት ላይ ይጥላሉ። ለመሣሪያ ነጋዴዎች ደስ ባይልም፣ ይህ ከእውነቱ ጥቂቱ ብቻ ነው።

ለአብነት ማሕሙድ አሕመድ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ»ን መውሰድ ይቻላል። ሊድ ጊታሩን የተጫወተው ሰላም ሥዩም ነው። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ወደየአውራጃው ከተማ የሚደርሰው ባብዛኛው በካሴት፣ ያውም ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ ነበር። በየቅጂው ቀጭኑ ድምፅ እየሟሸሸ፣ የቴፑ ሽሽታ እየበረታ ይሄዳል። የማጫወቻው ራስ ጥቂት ከተጣመመም ትሬብሉ ይብስ ይጠፋል። ዛሬ በስልክ የሚዞረውም ብዙ ጊዜ የዚያው ያረጀ ካሴት ቅጂ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ የሰማውን የደበዘዘ ድምፅ ለመምሰል የጊታሩን የቶን ቁልፍ ይዘጋል፤ የአምፕሊፋየሩን ትሬብል ይቀንሳል። ቤቱ ሲለማመድ ይሳካለታል። መድረክ ላይ ድራሙና ኪቦርዱ ሲነሡ ግን ጊታሩ ሰምጦ ይቀራል። የቀዳው የካሴቱን እርጅና እንጂ የሰላም ሥዩምን ጊታር አልነበረምና። «ኧረ መላ መላ» በ1999 እ.ኤ.አ. በኢትዮፒክስ 7ኛ ቅጽ እንደገና ታትሟል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዳመጠ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም።

የቴፕ ፍጥነትም ሌላ ወጥመድ ነው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር እንዲጓዝ ተወስኗል። ፍጥነቱ ከመቶ 3 ቢጨምር ቃናው በግማሽ ሰሚቶን ገደማ ከፍ ይላል፤ ከመቶ 6 ቢጨምር በአንድ ሙሉ ሰሚቶን። ባትሪው የደከመ ቴፕ ደግሞ ያወርደዋል። ተጫዋቹም ይህን ተከትሎ ክሩን ያለ ልኩ ይወጥራል ወይም ያላላል፤ የክሩ ውጥረት ሲለወጥ የድምፁ ጠባይ አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚታረመው የማጫወቻው ፍጥነት ነው። በሙዚቃው ውስጥ ኦርጋን ካለ፣ ቃናው በቀላሉ ስለማይዛነፍ እንደ ሚዛን ያገለግላል።

ከዚያ ክፍሉ ይመጣል። አይቤክስ በ1976 እ.ኤ.አ. ያለ ድምፃዊ የሠራውን ሙዚቃ የቀረጸው በራስ ሆቴል አዳራሽ ነበር። የአዳራሽ ግድግዳ የመለሰውን ድምፅ ከጊታር ክር መፈለግ ድካም ነው። ጥቂት ሪቨርብ ይረዳል፤ ሲበዛ ግን በትዝታም ሆነ በአንቺሆዬ ቅኝት በኖታዎቹ መካከል ያለውን ጌጥ ይውጠዋል።

የቀረው የእጅ ነው። አምፕሊፋየሩ እስኪሻክር አይከፈትም። ፒኩ በለዘብታ ይያዛል፤ ወደ ድልድዩ ሲቀርብ ድምፁ ይሳላል፣ ወደ አንገቱ ሲሄድ ይወፍራል። ያረጀ ክር የቶን ቁልፉን እንደ መዝጋት ነው፤ ከአዲስ ጊታር በፊት አዲስ ክር ይቀድማል። ቤት ውስጥ ለብቻው ሲሰማ ትንሽ የቀጠነና የሰላ የሚመስለው ድምፅ፣ በጉደር የሠርግ ድንኳን ውስጥ ድራሙ ሲመታ ልኩን ያገኛል።